ሃያ ሁለተኛዋ ጠጠር

ጠጠር ባዶ ቅል ውስጥ ስትወድቅ የምታሰማው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። መጀመሪያ ጠንከር ያለ አንድ ምት ይሰማል፤ ከዚያ ወደ ቅሉ ሆድ ስትንከባለል ትንሽ ታንሾካሹካለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ጠጠሮቹ እየተጠራቀሙ ሲሄዱ ድምፁ ይለወጣል። ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ ቀጭ ይላል፣ ቆሎ እንደሚቆረጥም ጥርስ። እኔ ይህን የምሰማው በዋሻ ጨለማ ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ የእናቴን ጀርባ ተደግፌ ነበር። ቀጭ ካለ ነግቷል ማለት ነው።

ዘመኑ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ጦርነቱ በሰሃላ ጥግ ወዳለችው መንደራችን ሲቃረብ፣ ሦስት ቤተሰብ፣ አሥራ ዘጠኝ ነፍስ ሆነን የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት አመሻሹ ላይ ከወንዙ በላይ ወዳለው ዋሻ ገባን። ቀን ቀን አውሮፕላን ስለሚያንዣብብ ንቅንቅ ማለት አይቻልም። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስምንተኛ ክፍል መጻሕፍቴን በጆንያ ይዤ ገብቼ ነበር፤ ጨለማው ስላላስነበበኝ ትራስ አደረግኋቸው።

በገባን በአራተኛው ቀን ትልልቆቹ ተጣሉ። በምግብ ቢሆን ባልገረመኝ፤ የተጣሉት በቀን ነው። ለገና አንዱ ስድስት ቀን ቀርቶታል ይላል፣ አንዱ አምስት ይላል።

«ኧረ የምንፈስክበት ሳይኖረን ምን አስቸኮላችሁ?» አለ ደግሰው። ደግሰው ፍየሎቹን ሜዳ ላይ በትኖ የገባ፣ ችግር በበዛ ቁጥር ቀልዱ የሚበዛ ሰው ነው።

ጠቡን ያበረደው ዲያቆን አስማረ ነበር። አስማረ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውን ጨርሶ የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ ጀምሮ ሳለ፣ እናቱን ሊጠይቅ ቢመጣ ጦርነቱ መመለሻውን ዘጋበት። ከእናቴ አንድ ቅል ለመነ፤ ያለፉትን ቀኖች አስልቶ አራት ጠጠር ከተተበት፤ ከዚያ በየንጋቱ አንድ አንድ ሊጨምር ቃል ገባ። የቀኑን ነገር ሁሉም ለእሱ ተወለት። ከዚያ ወዲያ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚል ቀርቶ «ቅሉ ምን አለ?» ሆነ።

ቅሉ ግን የጾምና የበዓል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ገብረ አማኑኤል የሚባል፣ የዱሩን መንገድ ሁሉ የሚያውቅ ጨው ነጋዴ ከመግባታችን በፊት ቃል ሰጥቶን ነበር። «የጥር ሚካኤል ዕለት ከወንዙ ማዶ ካለው ሾላ ሥር እጠብቃለሁ» ብሎ ነበር። «አንድ ሰው ላኩና መውጫውን አሳየዋለሁ። ጀንበር እስክትገባ ማንም ካልመጣ በሌላ በኩል ወጥታችኋል ብዬ እሄዳለሁ።» እንዲሄድ የተመረጠው ወንዳወቅ ነበር። ወንዳወቅ ቁመቱ ከዋሻው ጣሪያ ጋር የማይስማማ ጎበዝ ነው፤ ጸሐይነሽን ያገባት ባለፈው ሚያዝያ ነበር፤ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ወንዳወቅ፣ ቅሉ «የጥር ሚካኤል ነው» ባለ ጠዋት ሄደ። አልተመለሰም። ከሾላው ሥር በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ ማን እንደ ተኮሰ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ገብረ አማኑኤል ወሬውን ሰምቶ ተመለሰ፤ ቀበረው፤ ዋሻችንን ፈልጎ አገኘና መርቶ አወጣን። ከዋሻ የወጣ ሰው ደግሞ ቀን አይጠይቅም፤ የሚቀመስ ነገር ነው የሚጠይቅ።

እነሆ ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈ። አስማረ ዛሬ በሰቆጣ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት አብረውት የነበሩት ቄስ ሆነዋል፣ መሪጌታ ሆነዋል። እሱ ከዋሻው ከወጣ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ካህናቱ ሦስት ጊዜ ሊያስቀስሱት ጠይቀውት ነበር። «ዓይኔ ደክሟል» አላቸው፣ በሃያ አምስት ዓመቱ። ያ የደከመ ዓይን ግን በመሸ ጊዜ ሳይቀር ክር በመርፌ ያስገባል። ሚስት አላገባም። ከማንም ቤት ሳይመርቅ አይወጣም፤ ሱቅ ገብቶ ክብሪት ገዝቶ ሲወጣ እንኳ «ቤታችሁን ይባርክ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግ፣ ደህና ዋሉ» ይላል፤ በግማሽ እግሩ ወጥቶም ቢሆን ሳይጨርሰው አይሄድም።

ሰቆጣ የሚያውቀው ግን በሌላ አመሉ ነው። በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት ሦስት ሰው ቀኑን ይጠይቃል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከመለሱለት በልብስ ጠመኔው በበሩ ሳንቃ ላይ ይጽፋታል። ምሳው የሚባለው ጎረቤቱ ባለ ሱቅ ለምዶታል።

«አያ አስማረ፣ ትናንት በነገርኩህ ላይ አንድ ጨምርበት፤ ይኸው ነው።»

«ትናንትስ ልክ ነበርክ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ካላንደሩን ጠይቀው።»

«ካላንደርን የሚገነጥለው ሰው ነው» ይልና ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነት ተመልሶ አገራችን ሲገባ፣ መብራቱም ስልኩም በጠፋ ጊዜ፣ ሁለት ቅል ይዞ መጣ። አንዱን እኔ ዘንድ አስቀመጠ። በየማታው እየመጣ የእኔን ከእሱ ጋር ያመሳክር ነበር። አንድም ቀን አልተለያዩም። እኔ ፈገግ ስል እሱ ቅሉን እንደገና ገልብጦ ይቆጥራል።

በዚህ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ምስክር የምትባል ወጣት ከባሕር ዳር መጣች። ጦርነት ያሳለፉ ሰዎች አብረው ወደ ተሸሸጉበት ሲመለሱ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም እየሠራች ነበር። ከአሥራ ዘጠኛችን ሊገኙ የቻሉት አራት ናቸው፤ አስማረ፣ ጸሐይነሽ፣ ደግሰውና እኔ። እኔ አስተማሪ ስለ ሆንኩ፣ ኽምጣኛም አማርኛም ስለምችል፣ አስተርጓሚም አስታራቂም አደረገችኝ። ወደ አስማረ ሱቅ ይዣት ስሄድ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር።

«አባባ፣ ቀን ቆጣሪው እርስዎ ነዎት አሉ» አለችው። «ፊልሙ የሚጀምረው በእርስዎ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ቅል ቀኑን ሳይስት መውጣቱ እኮ ድንቅ ነው።»

እግሩ ቆመ። መርፌዋ ጨርቁ ላይ እንደ ተሰካች ቀረች።

«ማን ማን ነው የሚሄደው?» አለኝ፣ በኽምጣኛ።

ነገርኩት።

«ጸሐይነሽም?»

«እሷም።»

ጨርቁን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እያለ ይፈልገው ጀመር።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ስለው ይቀመጣል፤ ውሃ ሳይቀርብለት ይነሣል። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። ሁለት ጊዜ እንዲሁ መርቆ ሄደ። በሦስተኛው ባለቤቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተናገረ።

«ገብረ አማኑኤል ያወጣን ዕለት እኔን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎኝ ነበር። ‹ሚካኤል ዕለት ቀኑን ሙሉ ጠበቅኋችሁ› አለኝ። ‹ጀንበር ገባች፣ ሄድኩ። ልጁ የመጣው በማግስቱ ነው። ለምን ዘገየ?› አለኝ። ትኩሳት ይዞኝ የነበረው ትዝ ይልሃል?»

ትዝ ይለኛል። ከጥምቀት በፊት ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ሙሉ ተቃጥሎ ነበር።

«‹ቅሉን ለሌላ ሰው ስጥ› ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የተማርኩት እኔ ነኛ። በየንጋቱ እየዳበስኩ የጣልኩ መስሎኝ ነበር። ሲለቀኝ ብቆጥር ሃያ አንድ። ‹ዛሬ ጥር ዐሥር፣ ከተራ ነው› አልኩ፤ አመናችሁኝ። ለካ ጥምቀት ነበር። ሃያ ሁለት መሆን ነበረበት። አንዷን ንጋት ተኝቼ አልፌአታለሁ። ወንዳወቅ የሄደው ሚካኤል ዕለት አይደለም፤ በማግስቱ በዐሥራ ሦስት ነው። መሪው ሄዶ ባዶ ሾላ ሥር የተቀመጠው በእኔ ነው።»

«ገብረ አማኑኤል ለማንም አልተናገረም?»

«‹ከአንተና ከእኔ አይለፍ› አለ። እሱ ይዞት ሞተ።» ወደ እኔ ዞረ። «አሁን ይህች ልጅ ካሜራ ፊት ቀን ያልሳተ ብላ ልታመሰግነኝ ነው፤ ጸሐይነሽ አጠገቤ ተቀምጣ። ከዚያ በፊት እኔው በአፌ ልነግራት ይገባኛል። ካልነገርኳት ከእንግዲህ በሱቋ በኩል አላልፍም።»

«እና ንገራት።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ለራሴ ‹ንገራት› ስል የኖርኩትን ነው አንተ ዛሬ የምትነግረኝ» አለና፣ መረቀን፣ ወጣ።

ጸሐይነሽ ከሱቁ ብዙ በማይርቅ ቦታ ማር ትሸጣለች። ከወንዳወቅ በኋላ ሌላ ሰው አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ሁለተኛው ባሏም ካረፈ ቆየ። ቀልድ የማታሳልፍ፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። የወንዳወቅን ሙት ዓመት ግን አንድ ዓመት እንኳ አላስታጎለችም። የምታስበው በጥር ዐሥራ ሦስት ነው። ሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ስለሚወጣ በማግስቱ ይሻለኛል ትላለች፤ ሁላችንም ትክክል ነው ብለን በየዓመቱ በዐሥራ ሦስት እንሄዳለን። አስማረ ከዚያ ቤት የቆረሰውን ዳቦ ሳይጨርስ ይነሣ ነበር። እሷ ሳታውቀው ትክክለኛውን ቀን እንዳገኘችው፣ እግዜር በእሷ በኩል ስሕተቱን እንዳቀናለት ያስብ ነበር።

ከጥምቀት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ጉዞ ጀመርን። መኪናው መንገድ እስካለው ድረስ አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ተጓዝን። ምስክር ከፊት፣ ካሜራ ያዡ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየሮጠ ይቀርጸናል።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለው ይሂዱልኝ» ትላታለች ምስክር።

«እማማ ያልሽኝ ስንት ዓመት ሰጥተሽኝ ነው?» አለች ጸሐይነሽ። «ደግሰውን አባባ በይው፤ እሱ ጥርሱን ጨርሷል።»

«ጥርሴ ያለቀው ዋሻው ውስጥ የአንቺን ገብስ ስቆረጥም ነው» አለ ደግሰው። «ግማሹ አሸዋ ነበር። ተርበን ነው እንጂ በሕጉ ቢሆን ለግንበኛ ነበር የሚሰጥ።»

ጸሐይነሽ ሳቀች። አስማረ አልሳቀም። ከእሷ ጎን ለመሆን ይፈጥናል፤ አጠገቧ ሲደርስ ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ አቀበት ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ቀደሙን። «ጸሐይነሽ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ሲላት ሰማሁ። እሷ ወዲያው ዞራ «የውሃ ጀሪካኑን ማን ያዘው? ይህ ካሜራ ያዥ ልጅ ሊወድቅ ነው» ብላ ወደ እኛ ወረደች። ሁለተኛ ጊዜም ሞከረ፣ ወንዙን ስንሻገር። ያኔ ጫማዬ ውሃ ገባበት ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እስክንደርስ ጠበቀችን። ዕድሉ አልሆን ያለው መሰለኝ።

ዋሻው ጠቦ ጠበቀን። ጣሪያው ላይ የእሳታችን ጥላሸት አለ፤ መሬቱን የፍየል በጠጥ ሸፍኖታል። እናቴ ገብስ ትፈጭበት የነበረው ድንጋይ ከነስብራቱ በቦታው አለ። ምስክር ያን ጊዜ በነበርንበት ቦታ እንድንቀመጥ ጠየቀችን። እያንዳንዳችን ሳንሳሳት ሄደን ተቀመጥን፤ ሰው የተኛበትን መሬት አይረሳም ለካ። አስማረ ብቻ በዋሻው አፍ ይመላለሳል።

«ዲያቆን፣ ተቀመጥ እንጂ» አለው ደግሰው። «አውሮፕላኑ ሄዷል እኮ።»

ምስክር ከቦርሳዋ ከገበያ የገዛችውን ቅል አወጣች። አንገቱ ሰፊ፣ አዲስ ቅል ነው። ጠጠርም ለቅማ ይዛለች።

«አባባ፣ እንደ ያኔው አንድ አንድ እያሉ ይጣሉልኝ፤ እስከ ሚካኤል ድረስ። ሃያ ሦስት ነበር አይደል?»

አስማረ ተንበርክኮ ይጥል ጀመር። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ሳላውቀው አብሬው እቆጥር ጀመር። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ አንድ ላይ ጠጠሯ በጣቶቹ መካከል ቀረች። ካሜራው ተጠጋው። እሱ እጁን ያያል።

«ቅሉስ እዚህ ላይ ነው የዋሸን» አለ ደግሰው፣ እንደ ቀልድ። «እኔ ወንዳወቅ ሲነሣ ‹ሚካኤል እኮ ትናንት ነበር› ብዬ ነበር። ማን ሰማኝ? ‹አንተ ደግሞ ፍየል ቁጠር› አላችሁኝ።»

አስማረ ቀና ብሎ ጸሐይነሽን አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ደግሰው ሲከራከር ነው ያረጀው» አለች እሷ፣ ቶሎ ብላ፤ ነጠላዋን እያራገፈች ተነሣች። «ፀሐዩ አዘቅዝቋል፤ ሴት ልጅ ይዘን መሽቶብን እንዳንቀር፤ እንውረድ።»

አስማረ ያቺን ጠጠር ሳይጥላት ወጣ።

ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከወንዳወቅ መቃብር አጠገብ ስንደርስ ምስክር አስማረን እንደገና ያዘችው። በመቃብሩ ላይ ስሙና ያለፈበት ቀን የተጻፈበት ድንጋይ ልታስቆም ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ጋር ተስማምታ ነበር፤ ያው ቀን በፊልሙም መጨረሻ ይጻፋል።

«ጥር ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የምለው፤ ልክ ነው አባባ? ከእርስዎ አፍ ብቀርጸው ደስ ይለኛል።»

«አሁን አይደለም» አላት። «ለሙት ዓመቱ ጸሐይነሽ ቤት እንሰበሰብ የለ? ያን ጊዜ እነግርሻለሁ።»

የጥምቀትን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፈው እኔ አውቃለሁ። ቀን የሚጠይቃቸው ሰዎች ከሦስት ወደ ሰባት ወጡ። የሙሽራ ቀሚስ እጅጌውን ገልብጦ ሰፋና ፈታው፤ እንደገና ገልብጦ ሰፋው። ከተራ ዕለት ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ወንዝ ሲወርድ እሱ በሕዝቡ መካከል ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ምሳው እንኳ ቀልዱን ትቶ «ምን ሆኖብን ነው?» አለኝ።

ጥር ዐሥራ ሦስት ደረሰ። ጸሐይነሽ ቤት ካህናቱ ጸሎት አድርገው፣ ጎረቤቱ ዳቦና ጠላ ቀምሶ ከሰዓት በኋላ ተበተነ። እኛ አራታችን መደቡ ላይ ቀረን፤ ምስክር ትይዩአችን በርጩማ ላይ፣ ካሜራ ያዡ በሩ ጥግ። አስማረ ከመደቡ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ እግሩ እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ወለሉን ይመታል።

«እማማ» አለች ምስክር፣ «ይቅርታ፣ እትዬ ጸሐይነሽ። ፊልማችን ያለፉት ሚካኤል ዕለት ነው ይላል። ሙት ዓመቱን ግን በማግስቱ ነው የሚያስቡት። ተመልካች ይጠይቀኛል፤ ለምንድን ነው?»

«ሚካኤል ዕለት ሰው የለማ፤ ታቦት ሽኝት ላይ ነው።»

የአስማረ እግር ቆመ። መናገር ሲጀምር በኽምጣኛ ነበር፤ ያቺ ካሜራ እንዳትሰማው ይመስለኛል። ሳያቋርጥ ተናገረ፤ ትኩሳቱን፣ ሃያ አንዷን ጠጠር፣ ገብረ አማኑኤል ያለውን። «ባልሽን ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አላት። «ቅሉን ለሰው መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። ይኸው ነው።»

ደግሰው ቆቡን አወለቀ።

«ምን አሉ?» አለችኝ ምስክር በሹክሹክታ። እኔ አልተረጎምኩም። የተረጎመችላት ጸሐይነሽ ናት።

«ቀኑ አንድ ጎድሎ ነበር ነው የሚለኝ» አለች፣ በአማርኛ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ። «ወንዳወቅ የሄደው በዐሥራ ሦስት ነው ነው የሚለው። እውነቱን ነው።»

«ታውቂ ነበር?» አለ አስማረ።

«ሙት ዓመቱን በዐሥራ ሦስት የማስበው ለምን መሰለህ?»

«ገብረ አማኑኤል ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።» እጆቿን ጭኖቿ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፣ እንደ ተማሪ። «አያ አስማረ፣ ያቺን ንጋት አንተ አላለፍካትም። ሦስቱንም ጥለሃል፤ እየተንቀጠቀጥክ። ሰምቻለሁ። አንዷን ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ከውጭ በግ ይጮሃል። 

«ውሃ ላጠጣህ እመጣ አልነበር? ቅሉ ራስጌህ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ አንተ ስትቃዥ እጄን ከትቼ አንዷን አወጣሁ። የት እንደምጥላት ጠፍቶኝ እስኪመሽ ጉንጬ ውስጥ ይዣት ዋልኩ። ሰው ሲያናግረኝ ራሴን ብቻ እነቀንቅ ነበር።»

«ለምን?» ያለው ደግሰው ነው። በድምፁ ውስጥ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

«ዘግይቶ ቢሄድ መሪውን ያጣዋል፤ ሲያጣው ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ። ሌላ አላሰብኩም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ወንዳወቅ ለሰው ቃል ገብቶ፣ ሰው የለም ብሎ የሚመለስ ሰው እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ባሌ ከሆነ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር።»

ምስክር ካሜራ ያዡን አየችው፤ እሱም አያት። ካሜራው መብራቱ እንደ በራ ነው። ጸሐይነሽ ልብ አላለችውም፣ ወይም ልብ ብላም ግድ አልሰጣትም። የምታየው አስማረን ብቻ ነበር።

«ትምህርትህን ተውክ ሲሉ ልነግርህ መጣሁ» አለችው። «ቅስናውን እምቢ አለ ሲሉም መጣሁ። ሱቅህ ደጃፍ ደረስኩ። ‹ምን ልስፋልሽ?› አልከኝ። ቀሚስ አልኩህ። በመንገድ ላይም ልትነግረኝ ስትል አውቄ ነው የሸሸሁህ። ሰው የእኔን ኃጢአት የራሱ ነው ብሎ ሲነግረኝ በምን አንገቴ ልስማው?»

አስማረን ከታኅሣሥ ወዲህ ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እግሩም እጁም ረግቷል።

«ያን ቀሚስ» አለ በመጨረሻ፣ «ገንዘብ አልተቀበልኩሽም። ምክንያቱን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አንድ ቀን አይደለም የወሰድሽው» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። 

«አያ አስማረ…»

ተነሣ። ነጠላውን ከመደቡ ላይ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለ፤ አንዱ ጫፍ ወለሉን እየጠረገ ተጎተተ፤ አልሰበሰበውም። ደግሰው እጁን ሊይዘው ዘረጋ፤ በአጠገቡ አለፈው። እኛ ሁላችን፣ ጸሐይነሽም ጭምር፣ በለመድነው በሩ ጋ ቆም ብሎ ሲዞር፣ ቤታችሁን ይባርክ ሲል ጠበቅን። በሩ ዝቅተኛ ስለ ሆነ አንገቱን ደፋ አደረገና ወጣ።